የሦስት ከተማ ኮት

እኔ ያላሳመርኩት ፊት ቡራዩ ውስጥ ጥቂት ነው። ይህን ስል እየፎከርኩ አይደለም፤ እሺ፣ ትንሽ እየፎከርኩ ነው። ከዋናው መንገድ ገባ ብላ በምትገኝ አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት ውስጥ አራት ዓመት ያህል ጉርድ ፎቶ አንስቻለሁ፦ ለመታወቂያ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለቅጥር፣ ለጋብቻ ወረቀት። የመጣው ሁሉ አንድ በርጩማ ላይ ይቀመጣል። ከኋላው ሰማያዊ መጋረጃ፣ ከፊቱ እኔ። "ቀና! አገጭ ዝቅ! አትሳቅ!" ካልኩ አለቀ፤ የሰፈሩ ጉልቤ ሳይቀር ትንፋሹን ይዞ ይታዘዘኛል። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፣ ሥልጣን ማለት ይኼ ነው ብዬ አምን ነበር።

የፎቶ ቤቱ ባለቤት ሰበታና ሱሉልታም አንድ አንድ ፎቶ ቤት ነበራቸው። ቆጣቢ ሰው ናቸው። ሦስቱን ሲከፍቱ መርካቶ ወርደው አንድ ዓይነት ሦስት ጥቁር ኮት፣ አንድ ዓይነት ሦስት ቀይ ከረባት ገዙና ለየቤቱ አከፋፈሉ። ኮት የሌለው ደንበኛ እሱን ለብሶ ይነሳል ማለት ነው። ታዲያ ማን ኮት አለው? ማንም! ኮቱ ደግሞ የግዙፍ ሰው ልክ ነው። ቀጫጫው ሲለብሰው ከጀርባው ሰብሰብ አድርጌ በልብስ መቆንጠጫ እይዝለታለሁ። ከፊት ሲታይ ሚኒስትር ነው፤ ከኋላ ሲታይ ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ። ከረባቱም አንዴ የታሰረ ነው። ከኛ መሀል ማሰር የሚችል ስላልነበረ ማንም እንዲፈታው አይፈቀድም፣ ከኋላው ላስቲክ ሰፍተንበት በጭንቅላት ነበር የሚገባው።

የኔ ጥበብ የሚጀምረው ግን ደንበኛው ኮቱን አውልቆ ከሄደ በኋላ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ቁጭ እልና ቡግሩን አጠፋለሁ፣ የከሳውን ጉንጭ እሞላለሁ፣ ጠየም ያለውን ቀላ አደርጋለሁ፣ የተንጋደደውን ጆሮ አቃናለሁ። "ልንካው ወይ?" ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ለምን እጠይቃለሁ? ሐኪም በሽተኛውን "ላድንህ ወይ" ይላል እንዴ? "ፈጣሪ ቸኩሎ የተወውን እኔ እጨርስለታለሁ" እያልኩ ስቀልድ እናቴ ታማትብ ነበር።

እናቴና እኔ ቡራዩ የገባነው የአዲስ አበባ ኪራይ ስላባረረን ነው። የተከራየነው የአንድ ገበሬ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ነበር። ባለቤቱን ሁላችንም ኦቦ ነው የምንላቸው፤ በኦሮምኛ አቶ እንደማለት ነው። ከግቢው ጀርባ እርሻ አላቸው፣ ሁለት በሬ አላቸው። ከኔ ጋር በአማርኛ ያወራሉ፣ ከበሬዎቹ ጋር በኦሮምኛ፣ ሲናደዱ በሁለቱም። አንድ ወንድ ልጅ አላቸው፣ ከኔ ሁለት ዓመት ያንሳል። አሥረኛን ጨርሶ ሥራ ፈላጊ ነበር፤ ጠዋት ከአባቱ ጋር ያርሳል፣ ከሰዓት እኔ ጋር መጥቶ ፎቶ ቤቱ በር ላይ ተደግፎ ደንበኞቼን ያስቃል። "እዚች ልጅ እጅ ገብታችሁ እናታችሁ ከለየቻችሁ ተዓምር ነው" ይላቸዋል። አባርረዋለሁ፣ ተመልሶ ይመጣል። እህትና ወንድም የሌለኝ ነኝና ደስ ይለኝ ነበር፣ ለሱ ግን ነግሬው አላውቅም።

ከዚያ የማስተር ፕላኑ ነገር መጣ። አዲስ አበባ ወደኛ ልትሰፋ ነው ተባለ፣ ገበሬው ለመሬቱ ፈራ፣ ተማሪው አደባባይ ወጣ። መንገዱ አንድ ቀን በድንጋይ ይዘጋል፣ አንድ ቀን ይከፈታል። ተኩስ እንሰማለን። እዚህ ሰው ሞተ፣ እዚያ ሰው ታሰረ ይባላል፤ ኢንተርኔት ስለጠፋ እውነቱን የሚነግረን የለም። አንድ ጠዋት ኦቦ ከእርሻው ዳር ቆመው ጠሩኝ።

"ኢንታላ" አሉኝ፤ ልጅት እንደማለት ነው፣ ሲያቆላምጡኝ እንዲያ ነበር የሚሉኝ። "አንቺ የኮምፒውተር ሰው ነሽ። ያ ፕላን የሚሉት ወረቀት ላይ የኔ እርሻ ምን ሆኖ ነው የተሳለው?"

"እንጃ ኦቦ፣ እኔም አላየሁት።"

"እኔ ያለሁበት ቦታ ላይ ሰው ስለዋል ወይስ መንገድ?"

 ከተማዋ ትመጣብናለች ብለው የሚፈሩት ሰው ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ይዤ የምኖረው እኔ፣ ያቺ ከተማ ራሴው አይደለሁም እንዴ! ይኼ ነገር ይከነክነኝ ጀመር። እሳቸው ግን አንድም ቀን በዚያ ዓይን አላዩኝም። እንዲያውም የዚያን ቀን ማታ እናቴን ጠርተው አንድ ማሰሮ እርጎ ሰጧት።

የሚያሳፍረው፣ ችግሩ ለፎቶ ቤቱ ሠርግ ሆነለት። በየኬላው መታወቂያ ይጠየቃል፤ መታወቂያ የሌለው ሁሉ ሊያወጣ፣ ያለፈበትም ሊያድስ ተሰለፈ። ኮቱ ከአንዱ ጀርባ ወደ ሌላው ሲያልፍ ላቡ እንኳን አይደርቅም። የኦቦም ልጅ መጣ። በሆለታ መንገድ አንድ ፋብሪካ ሰው ሊቀጥር ነው መባሉን ሰምቷል። ለሱማ ለብቻው ተጨነቅኩለት! ከሌላው ሁሉ የበለጠ ሁለት ሰዓት ሙሉ ኮምፒውተሩ ላይ አፈጠጥኩ። ሳሳየው አፉን ከፍቶ ቀረ።

"ይኼ ማነው?"

"አንተ ነሃ! ተምረህ ብትጨርስ ኖሮ።"

ሳቀና ይዞት ሄደ። መታወቂያውም በዚያው ፎቶ ወጣለት።

የፋብሪካው ምዝገባ ዕለት ጠዋት ኦቦና እኔ ግቢው በር ላይ ቆመን ሳለ የሚኒባስ ረዳት የሆነ የሰፈር ጎረምሳ እየሮጠ መጣ። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ኬላ ላይ መኪናቸው ቆሞ፣ መታወቂያ ተሰብስቦ፣ ወደዚያው ምዝገባ የሚሄዱ ሰባት ወጣቶች መውረዳቸውን ነገረን። የኦቦ ልጅ አንዱ ነው። ሦስቱ ከሰበታ፣ ሁለቱ ከሱሉልታ፣ ሁለቱ ከቡራዩ ናቸው፤ እርስ በርስ አይተዋወቁም።

"ምን አድርገው ነው?" አሉ ኦቦ።

"በኮት ነው" አለ ረዳቱ። "የኬላው አለቃ ሰባቱን መታወቂያ ደርድሮ ሲያይ ሁሉም ጥቁር ኮት፣ ሁሉም ቀይ ከረባት! ከሦስት ከተማ የመጣ አንድ የደንብ ልብስ! 'ይኼ የምን ድርጅት ነው?' አለ።"

እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅኩ። ግንቡን ይዤ ነው የሳቅኩት። ረዳቱ አልሳቀም። "ከሰዓት በኋላ የጭነት መኪና ይመጣል፣ ወደ ሩቅ ቦታ ይወስዷቸዋል ተብሏል" አለ። ያኔ ሳቄ ከአፌ ጠፋ። በዚያ ሰሞን መኪና ላይ የወጣ ልጅ የት እንደደረሰ፣ መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ እናትና አባት አልነበረም። ኦቦን አየሁ፣ ከንፈራቸው ነጭ ሆኗል። መኪናው ከመምጣቱ በፊት ልጁን ማውጣት አለብን፤ ሌላ ነገር አልነበረም።

ሮጬ ፎቶ ቤት ገባሁ። ኮቱን፣ ከረባቱን፣ መቆንጠጫዎቹን ፌስታል ውስጥ ከተትኩ፣ ካሜራዬን አንገቴ ላይ አጠለቅኩ። ኬላው መንገዱን ስለዘጋ በእግር ነው የተነሳነው። አንድ ሰዓት የሚሆን መንገድ ነው፣ ኦቦ ግን እንደ ወጣት ነበር የሚረግጡት፣ እኔ ነኝ ከኋላ የምለከለከው። 

ኬላው አጠገብ በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ አለ። በሩ ላይ ልጆቻቸውን ለምዝገባው ሊሸኙ አብረው የተሳፈሩ ወላጆች ተኮልኩለዋል። ባህር ዛፉ ሥር ጠረጴዛ ወጥቶ አለቃው ተቀምጧል፣ ለአካባቢው አዲስ የሆነ ቀጭን፣ ፊቱ የማይፈታ ሰው። ሰባቱ መታወቂያ እንደ ካርታ ጨዋታ ፊቱ ተደርድሯል። ልጆቹ ከኋላ ካለው መጋዘን ውስጥ ናቸው፣ አይታዩም።

"ይኼን ልብስ የሚያከፋፍለው ማነው?" ሲል ሰማሁት።

ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ ሰዉን ገፋ ገፋ አድርጌ ፊቱ ቆምኩ። "እኔ ነኝ!" አልኩና ኮቱን ከፌስታሉ መዝዤ ዘረጋሁት።

 ነገሩን ሁሉ አስረዳሁ፦ ሦስቱን ፎቶ ቤት፣ ሦስቱን ኮት፣ ከረባቱን ማሰር የሚችል መጥፋቱን። አለቃው አላመነም። "ይኼ እኮ የግዙፍ ሰው ኮት ነው፣ ልጆቹ ላይ ግን ልካቸው ነው" አለ። ትዝብቱ ልክ ነው፣ አይካድም።

"በሞቴ አለቃ፣ ይልበሱትና ይዩት" አልኩ።

እንዲህ ያለ ድፍረት ዛሬ ብትገድሉኝ አይወጣኝም። እሱም ወይ በነገሩ ተገርሞ፣ ወይ ሊያሳፍረኝ ፈልጎ ተነስቶ ለበሰው። እጅጌው ጣቱን ዋጠው። ከጀርባው ዞሬ ሰብሰብ አደረግኩና አራት መቆንጠጫ ደረደርኩበት፣ ከረባቱን በጭንቅላቱ አሾለክኩ፣ ተመልሼ ከፊቱ ቆምኩ። ከዚያ ከአፌ አመለጠኝ። "ቀና! አገጭ ዝቅ! አይሳቁ!"

ታዘዘ። አገጩን ዝቅ አደረገ። ከኋላው የቆሙት ፖሊሶች ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ፣ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጣል። አነሳሁትና በካሜራዬ መስኮት አሳየሁት፦ ስምንተኛው የድርጅቱ አባል። ብዙ ጊዜ አየው። አንዴ ፎቶውን፣ አንዴ ሰባቱን መታወቂያ። በመጨረሻ የከንፈሩ ጫፍ ትንሽ ተነሳ። "አውልቂልኝ" አለ። ከዚያ ወላጆቹን በየተራ ጠርቶ "በመታወቂያው እየለያችሁ ልጃችሁን ውሰዱ" አለ።

አቤት ኩራቴ! ሁለት እናቶች ጉንጬን ሳሙኝ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ልጅ ወጣ። እኔ መቆንጠጫዬን እየሰበሰብኩ ይኼን ታሪክ ቡራዩ ሄጄ እንዴት አድርጌ እንደማወራው ሳሰላስል የኦቦ ተራ ደረሰ።

"አባት፣ ይኼ ልጅዎ ነው?"

ኦቦ መታወቂያውን ተቀበሉ። ከዓይናቸው አራቁት፣ አቀረቡት፣ ወደ ፀሐይ ዞሩ። "ላኪ" አሉ፣ አይደለም ማለታቸው ነው። "ኩን ኢልማ ኮ ሚቲ። ይኼ የኔ ልጅ አይደለም።"

አለቃው ጀርባውን ቀና አደረገ። ስሙን አነበበላቸው፣ የአባት ስም ሲል የሳቸውን ጠራ።

"ስሙስ የሱ ነው" አሉ ኦቦ። "ሰውየው ግን እሱ አይደለም።"

እርፍ! ክው አልኩ። የአለቃው ፊት ተመልሶ ተቆለፈ። የሌላ ሰው ስም የያዘ ሐሰተኛ መታወቂያ አገኘ ማለት ነው፣ የኮቱ ነገር ሁሉ ማታለያ መሰለው። ኦቦ ግን እሱን አልሰሙትም። አፈሩ ላይ ተቀመጡ። "ታዲያ ይኼ ሰው የልጄን ወረቀት ከየት አገኘው?" አሉ። "ልጄን ምን አድርጎት ነው ወረቀቱን የያዘው?"

ከትከሻቸው በላይ አጎንብሼ መታወቂያውን አየሁት። የኦቦ ልጅ ሕፃን ሳለ በሬ ወግቶት ከግራ ቅንድቡ እስከ ጉንጩ የወረደ ጠባሳ አለው። አጥፍቼዋለሁ። በዚያው ምክንያት ዝቅ ያለችውን የግራ ዓይኑን አስተካክያታለሁ። ፀሐይ ያጠቆረውን ፊቱን አቅልቼዋለሁ፣ የአባቱን የመሰለውን ሰፊ ጆሮ አሳንሻለሁ። ኦቦ አልተሳሳቱም፤ ፎቶው ላይ ያለው ሰው ልጃቸው አልነበረም። እኔ ነኝ ያበጀሁት።

አሁን የማልወደውን ነገር ልናገር። ዝም አልኩ። መታወቂያ ላይ ያለ ፊት መቀየር ምን እንደሚያስከትል ያኔ ነው የገባኝ፤ ከተናገርኩ እኔም መጋዘኑ ውስጥ ነኝ። ጎንበስ ብዬ ፌስታሉ ውስጥ ያለውን ከረባት ማጣጠፍ ጀመርኩ። የላስቲክ ከረባት ይታጠፋል እንዴ? አጣጠፍኩ፣ ፈታሁ፣ አጣጠፍኩ። ኦቦ በሩ ላይ የቆመውን ወጣት ፖሊስ ቀና ብለው አዩትና ሰው እንዳይረብሹ በሚመስል ቀስ ያለ ድምፅ "ልጄ፣ የሞቱትን የት ነው የሚያስቀምጧቸው?" አሉት።

ከዚያ በኋላ መቻል አልቻልኩም። "ኧረ ኦቦ! እሱ ነው! ልጅዎ ነው!" ብዬ ጮህኩ። "ፊቱን እኔ ነኝ የቀየርኩት፣ አፈር ልብላ!"

"ምን አልሽ?" አለ አለቃው።

ነገርኩት። ጠባሳውን፣ ዓይኑን፣ ጆሮውን፣ ሁሉንም።

"የመታወቂያ ፎቶ ትቀይሪያለሽ?"

"አሳምራለሁ እንጂ…"

"የስንት ሰው?"

"የሁሉንም" አልኩ። ድምፄ ትንኝ አክሏል። በሩ ላይ የቆመው ወጣት ፖሊስ ቀስ ብሎ የራሱን መታወቂያ ከኪሱ አወጣ፣ አየው፣ ወደ እኔ አየ፣ መለሰው። የቡራዩ ልጅ ነው፣ አገጩን ሳስተካክልለት ትዝ ይለኛል። 

አለቃው ልጁ ይምጣ አለ። መጣ። ካናቴራው ትከሻው ላይ ተቀዷል፣ ጫማው ላይ ክር የለም። ኦቦ ከአፈሩ ተነሱ፣ ቀረብ ብለው አውራ ጣታቸውን ጠባሳው ላይ አሳረፉ፣ ከቅንድቡ እስከ ጉንጩ ድረስ አወረዱት። "ኤዬ" አሉ፣ "ኢልማ ኮ"፤ አዎ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ልጁ ግን ቆሞ መሬት መሬት ያያል። ከውስጥ የሚጠብቃቸው ሰው ቀድሞ ነግሮት ኖሯል።

"አባ፣ 'አላውቀውም' አሉ እንዴ?"

ኦቦ ጣታቸውን ወደ እኔ ሊጠቁሙ ይችሉ ነበር። አልጠቆሙም። እኔው ነኝ "በኔ ነው፣ በኔ ምክንያት ነው" ያልኩት፤ እሱ ግን እኔን አልነበረም የጠየቀው።

አለቃው ብዙ አሰበ። ከዚያ እዚያው፣ በዚያው ሰዓት አዲስ ፎቶ እንዳነሳው፣ ነገ መታወቂያው እንዲቀየርና አምጥቼ እንዳሳየው አዘዘ። "አንዲት ፀጉር ብትነኪ ግን የምይዘው አንቺን ነው" አለኝ። ኮቱን ወስዶ ጠረጴዛው ሥር አስቀመጠው፤ የቀሩትን ሦስት ልጆችም ለወላጆቻቸው አስረከበ።

ልጁን ቆርቆሮው ጋ አቆምኩት። ካሜራውን ወደ ዓይኔ አነሳሁ፣ "ቀና" ልል ብዬ ተውኩት። መጋረጃ የለ፣ በርጩማ የለ፣ የማዘው የለኝ። እሱም ቀጥ ብሎ አየኝ። ተናዷል፣ ፈርቷል፣ በአባቱ ፊት ማልቀስ አልፈለገም፤ ይኼ ሁሉ አንድ ላይ ፊቱ ላይ ነበር። ጠባሳው እንኳን ዝም ብሎ መስመር አይደለም፣ ሲናደድ ይቀላል። አራት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ያየሁትን ልጅ ያኔ ነው ያየሁት። አነሳሁት። ለካ እስከዚያ ቀን የሰው ፎቶ አንስቼ አላውቅም፤ ኮት ነበር የማነሳው። ዛሬም ሰው ከፊቴ ሲቀመጥ መጀመሪያ የማደርገው ነገር ዝም ማለት ነው፤ ደንበኞቼ ካሜራው የተበላሸ ይመስላቸዋል።

ከሰዓት በኋላ የተባለው የጭነት መኪና መንገድ ላይ አገኘን። ባዶውን እየተንገጫገጨ ወደ ኬላው ሲወርድ ሦስታችንም ቆመን አየነው፣ ከዚያ መንገዳችንን ቀጠልን። ልጁ ከፊት ከፊት ይሄዳል። ጠጋ ብዬ ይቅርታ ስለው "ተይኝ እስቲ" አለኝ። ተውኩት። ወደ ኋላ ቀረሁ።

ኦቦ እርምጃቸውን ፈጠን አድርገው ደረሱበት። ጎን ለጎን መሄድ ጀመሩ፤ እሳቸው ግን መንገዱን አያዩም፣ ፊቱን ነው የሚያዩት። ድንጋይ አደናቀፋቸው፣ ተንገዳገዱ፣ ቀና ብለው እንደገና አዩት። አሁንም ድንጋይ።

"አባ፣ ፊት ለፊትዎን ይዩ እንጂ ይወድቃሉ!" አለ ልጁ በብስጭት። "ለምንድነው እንዲህ የሚያዩኝ?"

"እያጠናሁህ ነው" አሉ ኦቦ። "ነገም ይጠይቁኝ ይሆናል።"

ልጁ ቆመ። ኦቦም ቆሙ። እኔም ከኋላ ቆምኩ።  ከዚያ ልጁ ከአባቱ በስተቀኝ ዞሮ መጣ፣ ጠባሳው ያለበት ግራ ፊቱ እንዲታያቸው ነው፤ ክንዳቸውን ይዞ ድንጋይ ድንጋዩን እያሳለፋቸው በዝግታ መራመድ ጀመረ። ኦቦ ቤት እስክንደርስ ዓይናቸውን ከፊቱ አልነቀሉም። ካሜራው አንገቴ ላይ ነበር፤ ማንም አላዘዘኝም፣ አነሳኋቸው።